መለያው ይነበባል፣ ፒኖቹ አይታዩም፦ ከመንዝ የመጣ የፓምፕ ቦርድ

ውርጭ ጠላትነቱ ለሰብል ብቻ አይደለም። ለኤሌክትሮኒክስም ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። መንዝ ደግሞ ይብሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ሞልቷል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። ውጭ በብረት ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ቦርድ በየቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ይግላል፣ ያልበዋል። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ያ ላብ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከእንዲህ ያለ ሳጥን ወጥቶ ወደ እኛ ወርክሾፕ ስለመጣ አንድ ቦርድ ነው። ብልሽቱ ራሱ ከተገኘ በኋላ ቀላል ነበር። ያስቸገረን ወደ ብልሽቱ የሚያስገባው መንገድ ነው። የቺፑ መለያ ቁጥር ስለተነበበ ብቻ ባውንደሪ ስካኑ (የቺፑን ፒኖች አንድ በአንድ ሳይነኩ የሚያነብበው የመፈተሻ መንገድ) ተከፍቷል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ብዙ ነው። ይህ ቦርድ እንደዚያ እንዳልሆነ በደንብ ያሳያል። ስለዚህ አብዛኛውን የምጽፈው ስለ መንገዱ ነው።

ቦርዱ ምን ይሠራል?

መንዝ ውስጥ አንድ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አለ። ፓምፑ በሶላር ነው የሚሠራው። ኢንቨርተሩ ከፀሐይ የተገኘውን ኃይል ወደ ሞተሩ ይልካል። የኛ ቦርድ ደግሞ ኢንቨርተሩን ያዛል። ታንከሩ ሞልቷል ወይ? ጉድጓዱ ውሃ አለው ወይ? ኢንቨርተሩ ከመጠን በላይ ግሏል ወይ? ይህን ሁሉ አይቶ «ተነሳ» ወይም «ቁም» ይላል። የሞተሩ መጠን፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና ሌሎች ቅንብሮች አንዲት ትንሽ ኢኢፕሮም (ኃይል ቢጠፋም የማትረሳ የማስታወሻ ቺፕ) ውስጥ ተቀምጠዋል።

አንድ ጠዋት ፓምፑ አልነሳም። የኃይል መብራቱ በርቷል። ብልጭ ድርግም ማለት ያለበት አረንጓዴው መብራት ግን ጭራሽ የለም። የወረዳው የውሃ ባለሙያ ቦርዱን በፎጣ ጠቅልሎ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ይዞት መጣ። «ወንድሜ፣ ሰዉ ወደ ምንጩ ተመልሷል። እናቶች ጀሪካን አዝለው ቁልቁለት እየወረዱ ነው። እባክህ ቶሎ በልልኝ» አለኝ። እንዲህ ተብሎ የመጣ ሥራ እንደ ሌላው ሥራ አይታይም።

ሰውየው አስተዋይ ነው። ከተበላሸው ጋር ጤነኛ መንትያውንም አምጥቶልናል። የሌላ ጉድጓድ ነው። የዚያኛው ሞተር ለጥገና ስለወጣ ቦርዱ ለጊዜው ሥራ አልነበረውም። ታዲያ እሱን ለምን አትተክሉትም ይባል ይሆናል። ውስጡ ያለው ቅንብር የሌላ ሞተርና የሌላ ጉድጓድ ነው። የሚቀይረው ሶፍትዌር ያለው አምራቹ ዘንድ ብቻ ነው። አምራቹ ደግሞ ለወረዳው ደብዳቤ መልስ አልሰጠም፤ ስኬማቲክም (የቦርዱ የመስመር ንድፍ) አልተገኘም። ለመተከል ባይሆንም ለምርመራ ግን ጤነኛ መንትያ ወርቅ ነው።

ለምን ባውንደሪ ስካን?

ፕሮሰሰሩ ኤስቲኤም32ኤፍ407 ነው፣ ባለ 100 ፒኑ። ፒን ከፒን ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ቦርዱ በሙሉ ከእርጥበት እንዲጠብቀው በወፍራም ቫርኒሽ ተሸፍኗል። በቴስተር ጫፍ እያንዳንዱን ፒን ልንካ ቢባል መቶውንም መፋቅ ነው። መፋቁ ራሱ ሌላ ብልሽት ይፈጥራል።

ባውንደሪ ስካን የተፈለሰፈው ለዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቦርዶች እየተጨናነቁ ሲሄዱ የመፈተሻ መርፌ የሚገባበት ቦታ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተለያዩ አምራቾች ጄታግ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራቸው አይትሪፕልኢ 1149.1 ተብሎ ደረጃ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ፒንና በቺፑ ውስጠኛ ክፍል መካከል አንድ ዘበኛ ይቆማል። የሚገባውን ያያል፣ የሚወጣውን ያውቃል፣ ከታዘዘም ራሱ በሩን ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ዘበኞቹ በሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ መስመር ይነበባሉ።

መስመሮቹ አራት ናቸው። ቲዲአይ ዳታ የሚገባበት፣ ቲዲኦ የሚወጣበት፣ ቲሲኬ ክሎኩ፣ ቲኤምኤስ ደግሞ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው። አምስተኛው ቲአርኤስቲ ነው። ዝቅ ሲል ይህን የመፈተሻ በር ወዲያው ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ደረጃው ግዴታ አላደረገውም፤ በዚህ ቺፕ ላይ ግን አለ። አምስተኛውን አደራ እንዳትረሱት። ጣጣው በሙሉ ከእሱ ነው የመጣው።

ኤስደብሊውዲ ይበቃል ማለት

ቦርዱ ጠርዝ ላይ አምስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለው። 3.3 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ሪሴት፣ ኤስደብሊውዲአይኦና ኤስደብሊውሲኤልኬ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፕሮግራመሩን ሰካውና ቺፑ ወዲያው መለሰ። «ጋሼ፣ ይኸው ሕያው ነው!» አለ። እውነቱን ነው፣ ሕያው ነው። ግን ኤስደብሊውዲ፣ ማለትም እነዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች፣ የሚወስደው ወደ ኮሩ (ፕሮግራሙን ወደሚያስኬደው የቺፑ ክፍል) ዲበግ ብቻ ነው። የባውንደሪ ስካኑ ሰንሰለት በዚያ አይገኝም። እሱን የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ባለ አራት መስመር ጄታግ ያስፈልገዋል።

በኤስደብሊውዲ ገብቶ የፒኖቹን ሬጅስተር በመጻፍ መሞከርም ይቻላል። እኛ ያልመረጥነው በአንድ ምክንያት ነው። የፍላሹ (የቦርዱ ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌሩ፣ የተቀመጠበት ማስታወሻ) ጥበቃ ደረጃ 1 ላይ ነበር። ይህን ጥበቃ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሰው ፍላሹን በሙሉ ያጠፋል፤ ቺፑ የተሠራው እንደዚያ ነው። አንዳንድ ፕሮግራመር ደግሞ «ልክፈተው ወይ?» ብሎ ይጠይቅና አንድ ክሊክ ይበቃዋል። ፈርምዌሩ ቢጠፋ የሚተካ የለንም። ስለዚህ ኮሩን አንነካም ተባባልን። ባውንደሪ ስካን ፍላሹን አይነካም፣ ፈርምዌሩም እንዲሮጥ አይጠይቅም። (ጥበቃው ደረጃ 2 ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባዶ ነበር። በዚያ ደረጃ ባውንደሪ ስካኑም ለዘለዓለም ይዘጋል።)

ቲኤምኤስና ቲሲኬ መሰኪያው ላይ አሉ፤ ከኤስደብሊውዲ ጋር ፒን 72 እና 76ን ይጋራሉ። ቲዲአይ ፒን 77 ላይ፣ ቲዲኦ ደግሞ ፒን 89 ላይ ነው። ሁለቱ ወደ መሰኪያው አልወጡም። ከተቃጠለ ትንሽ ትራንስፎርመር የተፈታ የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ ወሰድን። ቫርኒሹን በአሴቶን በነከርነው የጥርስ እንጨት በማጉያ መነጽር ሥር ቀስ እያልን አነሳን። የፒኑ ብር መሰል ቆርቆሮ ብልጭ እስኪል ድረስ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ማሸት ጎረቤቱን ፒን ያጋልጣል። ፍላክስ ጠብ አድርጎ፣ ሽቦውን ፒኑ ላይ አስተኝቶ፣ ቀጭን ጫፍ ባለው ሶልደሪንግ አይረን አንዴ መንካት። ከዚያ ሽቦው እንዳይጎትት ቦርዱ ላይ በካፕተን ቴፕ ማሰር። ይህንኑ በጤነኛው ላይም ደገምነው። ፍላክሱን ማጠብ አይረሳም።

አዳፕተራችን በኤፍቲ2232ኤች የተሠራ ተራ ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ኦፕንኦሲዲ፣ ነፃ ነው።

የመጀመሪያው ዝምታ

ሰንሰለቱን ስናነብ የመጣው አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብቻ ነው። ሁሉም አንድ ሲሆንና ሁሉም ዜሮ ሲሆን ትርጉሙ ይለያያል። ዜሮ ከሆነ ቲዲኦ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል ወይም ኃይል የለም ብዬ ነው የምጠረጥረው። አንድ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ቲዲኦን ማንም አልያዘውም ማለት ነው፤ አዳፕተሩ ላይ ያለው ፑል አፕ (መስመሩን ወደ ላይ የሚጎትት ሬዚስተር) ነው የሚታየው። ቮልቴጁን፣ ግራውንዱን፣ የኬብሉን ርዝመት አየን። ክሎኩን ወደ 100 ኪሎኸርዝ አወረድነው። ለውጥ የለም።

ከዚያ ጤነኛውን ሰካን። እሱም አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

እዚህ ላይ ነው ምርመራው መልክ የያዘው። ሁለቱም ቦርዶች ዝም ካሉ ዝምታው የብልሽቱ አይደለም፤ የመንገዱ ነው። ሁለት ጥያቄ በአንድ ቦርድ ላይ ተደባልቆ ቢቀር ኖሮ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ሶልደር ስናሞቅ በዋልን።

የዚህ ቺፕ የጄታግ ፒኖች ቺፑ ሲነሳ የጄታግ ናቸው። ፈርምዌሩ ከፈለገ ግን በኋላ ለሌላ ሥራ ያውላቸዋል። እዚህ ፒኤ15፣ ፒቢ3 እና ፒቢ4 (ቲዲአይ፣ ቲዲኦና ቲአርኤስቲ ያሉባቸው ፒኖች) ለኤስፒአይ፣ ቺፖች እርስ በርስ ለሚነጋገሩበት መስመር፣ ተሰጥተዋል። ዲዛይነሩ ኤስደብሊውዲ ይበቃኛል ብሎ የቀረውን ሸጦታል ማለት ነው። ፒን ሲያጥር ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ አልወቅሰውም።

መፍትሔው ሪሴቱን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ፈርምዌሩ አይሮጥም፣ ፒኖቹ ወደ ጄታግነታቸው ይመለሳሉ። ለባውንደሪ ስካን ደግሞ ይህ አማራጭ አይደለም። የቺፑ የባውንደሪ ስካን ፋይል ራሱ ሪሴቱ ዝቅ ብሎ እንዲያዝ ይጠይቃል። የሪሴቱን መስመር በአጭር ሽቦ ከግራውንድ ጋር አገናኘን። ሰንሰለቱም ወዲያው ተናገረ።

ነገሩ ስለ ተበላሸው ቦርድም አንድ ወሬ ሰጠን። ሪሴት ሳይያዝ ዝም ማለቱ ፈርምዌሩ ቢያንስ ፒኖቹን እስከሚያከፋፍልበት ድረስ እንደሚሮጥ ያሳያል። ኮሩ ይሠራል፣ ፍላሹ ይነበባል፤ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ክሪስታሉ (የውጭው የክሎክ ምንጭ) ግን ገና ነፃ አልወጣም። ቺፑ የሚነሳው በውስጡ ባለው 16 ሜጋኸርዝ ክሎክ ነውና።

መለያው ሲነበብ፣ ፒኖቹ ሲሸሹ

ሁለት መለያ ቁጥሮች መጡ። በሄክሳ 4ቢኤ00477 እና 06413041። የመጀመሪያው የኮሩ ነው። ሁለተኛው የባውንደሪ ስካኑ ነው። በአንድ ቺፕ ውስጥ ሁለት ታፕ (ከላይ የመፈተሻ በር ያልነው) በተከታታይ መኖሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆናል። የባውንደሪ ስካኑ ታፕ ባለ 5 ቢት የትዕዛዝ ሬጅስተር አለው፤ የኮሩ ባለ 4 ቢት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ 9 ቢት ነው የሚላከው። ለኮሩ ሁልጊዜ 1111 ይላካል። ይህ ባይፓስ ነው፣ «ዝም ብለህ አሳልፍ» ማለት።

ባይፓስ ለሁለቱም ላክን። ሠራ። የላክነው ቢት በሁለት ክሎክ ዘግይቶ ወጣ፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። የመለያ ትዕዛዙን ላክን። መለያው መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሩ ተከፈተ ብሎ ወደ ሥራው ይገባል።

ከዚያ ሳምፕል የሚባለውን ትዕዛዝ ላክን፣ 00010። ፒኖቹ ያሉበትን ሁኔታ አንብብልን ማለት ነው። የመጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? 06413041። ፒኖቹን ጠየቅነው፣ ስሙን ነገረን። ደግመን ላክን፤ ያው። በጤነኛውም ያው።

አንድ ታፕ ሳይጠየቅ መለያውን የሚሰጥበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ከሪሴት ከተነሳ። መለያ ያለው ታፕ ሪሴት ሲደረግ የመለያ ትዕዛዙን ራሱ ይጭናል፣ ደረጃው ያዛል። ስለዚህ ትዕዛዛችን እየተላከ ሳለ አንድ ነገር ታፑን ሪሴት ያደርገዋል ማለት ነው። ቲኤምኤስን ለአምስት ክሎክ ከፍ አድርጎ መያዝ ሪሴት ያደርጋል፤ እኛ ያንን አላደረግንም። ቲኤምኤስ ላይ ግርግር ይኖራል ብለን በስኮፕ (ሲግናሉን በስክሪን በሚያሳይ መለኪያ) አየነው። ንጹሕ ነው።

ልጁ የሠሩትንና ያልሠሩትን ትዕዛዞች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። ባይፓስ 11111፤ ይሠራል። ሳምፕል 00010፤ አይሠራም። ኤክስቴስት (ፒኖቹን እኛው የምናንቀሳቅስበት) 00000፤ አይሠራም። መለያ 00001፤ ይሠራል። መለያውን ግን ሰርዘው አልኩት። ታፑ ሪሴት ቢደረግም ባይደረግም መለያው መምጣቱ አይቀርም፤ ምስክርነቱ አይቆጠርም። እሱ ሲሰረዝ የቀረው ቁልጭ ብሎ ታየ። ዜሮ ያለበት ትዕዛዝ ይወድቃል። አንድ ብቻ የሆነው ያልፋል። ልጁ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ቲዲአይ ዝቅ ሲል ነው የሚሞተው» አለ።

ስኮፑን አንዱን ጫፍ ቲዲአይ ላይ፣ ሌላውን ፒን 90 ላይ አደረግን። ፒን 90 ፒቢ4 ነው፤ በጄታግ ቋንቋ ቲአርኤስቲ። ቲዲአይ ወደ ዜሮ ሲወርድ ፒን 90 አብሮት ወረደ። ወዲያው፣ በዚያው ቅጽበት። ቲዲአይ ሲነሳ እሱም ተነሳ።

ሰንሰለቱን ከዚያ መከተል ቀላል ነው። ፒኤ15 በፈርምዌሩ ዓለም የአንድ ሙቀት ለኪ ቺፕ መምረጫ መስመር ነው። ፒቢ3 ክሎኩ ነው። ፒቢ4 ደግሞ ከለኪው ዳታ የሚቀበለው ነው። ለኪው ማክስ31855 ነው፤ የኢንቨርተሩን ሙቀት በቴርሞካፕል ያነባል። ይህ ቺፕ ትዕዛዝ አይጠብቅም። መምረጫው ዝቅ ሲል የመጀመሪያውን ቢት ወዲያው ያወጣል። የመጀመሪያው ቢት የሙቀቱ ምልክት ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ቢቱ ዜሮ ነው። እኛ ግን ሪሴቱን ስንይዝ ፒኤ15ን ቲዲአይ አድርገነዋል። በቲዲአይ ዜሮ በላክን ቁጥር ለኪው «ተጠራሁ» ብሎ ዜሮ ያወጣል። ያ ዜሮ ቲአርኤስቲ ላይ ያርፍና ታፑን ሪሴት ያደርገዋል። ቲአርኤስቲ ላይ ያለው የውስጥ ፑል አፕ ደካማ ነው፤ የአንድን ቺፕ ውጤት አይቋቋምም።

ምንም የተበላሸ ነገር የለም እኮ። ሁሉም ቺፕ የተሠራበትን እያደረገ ነው። ሶስት ፒን ሁለት ጌታ ስላላቸው ብቻ የመጣ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ከዳታሺት አንድ ገጽ ላይ አታገኙትም። የፕሮሰሰሩንም የለኪውንም አንድ ላይ ዘርግቶ ማየት ይጠይቃል።

ቲአርኤስቲን በጉልበት ከ3.3 ቮልት ጋር ማሰር ሊታሰብ ይችላል። አይደረግም። የለኪው ውጤት ወደ ግራውንድ ሲጎትት እኛ ወደ ላይ ከያዝነው ሾርት ነው፤ ጤነኛ ቺፕ ይቃጠላል። ደግነቱ በለኪውና በፕሮሰሰሩ መካከል 33 ኦም ሬዚስተር ተቀምጧል። አንድ ጎኑን አንስተን መስመሩን ቆረጥነው። ሬዚስተሩ ባይኖር የለኪውን የዳታ ፒን ማንሳት ነበረብን። ሳምፕልን ደግመን ላክን። የፒኖቹ ረድፍ መጣ።

ይህ ችግር የዚህ ቺፕ ብቻ እንዳይመስል። አይ.ኤምኤክስ6 ላይ ጄታግ ሞድ የሚባል ፒን አለ። ከፍ ካላለ ፕሮሰሰሩ ከደረጃው ጋር የሚስማማ ሰንሰለት አያሳይም። አትሜጋ128 ላይ ደግሞ ጄታግን የሚከፍት ፊውዝ አለ፤ ፊውዙ ክፍት ቢሆን እንኳ ፈርምዌሩ በአንድ ቢት ሊዘጋው ይችላል። በሩ የሚከፈትበት ሁኔታ በየፕሮሰሰሩ ይለያል። የባውንደሪ ስካን ፋይሉን ሙሉውን ማንበብ ያለብንም ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የፒን ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። የፋይሉ ፓኬጅ ከቺፑ ጋር አንድ መሆኑንም ማየት ነው። የባለ 144ቱን ፋይል ለባለ 100ው የተጠቀመ ሰው የፒን ቁጥሩ ሁሉ ይዛባበታል።

ብልሽቱ

ከዚህ በኋላ ሥራው ፈጠነ። የሁለቱን ቦርዶች ሳምፕል ደጋግመን አንብበን አነጻጸርን። ደጋግሞ ማንበቡ ያስፈልጋል። ተንሳፋፊ ፒን አንዴ ዜሮ አንዴ አንድ ይላል፤ አንዴ ብቻ ያነበበ ሰው ያልፈዋል። በጤነኛው ላይ ፒቢ6 ሁልጊዜ አንድ ነው። በተበላሸው ላይ ይዋልላል። ፒቢ7 በሁለቱም አንድ ነው። የቀሩት ልዩነቶች ከግብዓት መሰኪያዎች ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ምክንያታቸው ይታወቃል።

ፒቢ6 እና ፒቢ7 እዚህ ቦርድ ላይ ወደ ኢኢፕሮሙ ይሄዳሉ፤ ፒቢ6 ክሎክ፣ ፒቢ7 ዳታ። ሁለቱም ከፍ እንዲሉ የሚያደርግ ፑል አፕ አላቸው። ፒቢ6 ፑል አፑን ካላየ መስመሩ በመካከል ተቆርጧል ማለት ነው። ፈርምዌሩ ሲነሳ ቅንብሩን ከኢኢፕሮም ይጠይቃል፣ መልስ ያጣል፣ እዚያው ይቆማል። አረንጓዴው መብራት የማይነሳው ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው ኤክስቴስት ነው። በዚህ ትዕዛዝ ፒኖቹን እኛው እናንቀሳቅሳለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የግድ ነው። ወደ ኢንቨርተሩና ወደ ሪሌዎቹ የሚሄደውን ሁሉ ነቀልን። ከዚያ ኤክስቴስት ከመላኩ በፊት ፒኖቹ በሙሉ ውጤታቸው የተዘጋበትን ረድፍ ጫንን፣ ፒቢ6 ብቻ ዜሮ እንዲያወጣ አድርገን። ቅድሚያ ሳይጫን ኤክስቴስት የተላከ እንደሆነ ሰንሰለቱ ውስጥ የቀረው ነገር ሁሉ ፒኖቹ ላይ ይወጣል። ለፓምፕ ቦርድ ይህ ቀልድ አይደለም።

ኢኢፕሮሙ ባለ ስምንት እግር ነው፣ እግሮቹ ሰፊ ናቸው። ስድስተኛውን ፋቅ አድርገን ለካን። ፕሮሰሰሩ ፒቢ6ን ወደ ዜሮ ጎትቷል፤ ኢኢፕሮሙ ጋ ግን 3.3 ቮልት እንዳለ ነው። በጤነኛው ላይ ዜሮ ነው። አለቀ።

መስመሩን በብርሃን ተከተልነው። በኬብል መግቢያው በኩል ባለው የቦርዱ ጠርዝ ቫርኒሹ ሥር አረንጓዴ ዝገት ይታያል። አንድ ቪያ (መስመሩን ከቦርዱ አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀዳዳ) በልቶታል። ሳጥኑ ላይ የኬብሉ መግቢያ ወደ ላይ ዞሮ ስለነበር ጤዛው በኬብሉ ላይ እየወረደ እዚያች ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ዝገቱን አጽድተን፣ ከፒን 92 እስከ ኢኢፕሮሙ ስድስተኛ እግር ቀጭን ሽቦ ዘረጋን። የለኪውን ሬዚስተር በሁለቱም ቦርዶች ላይ መልሰን በየድነው፤ ይህ ቢረሳ ቦርዱ ተነስቶ ኢንቨርተሩ ምን ያህል እንደጋለ ሳያውቅ ይሠራ ነበር። የሪሴቱን ሽቦ አነሳን። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። የተፋቀውን ቦታ ሁሉ በቫርኒሽ ደግመን ሸፈንን።

ለወረዳው ባለሙያ የነገርነው አንድ ነገር ነበር። የኬብል መግቢያው ወደ ታች እንዲዞር፣ ኬብሉም ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንዲወጣ፤ ውሃው ከማጠፊያው እንዲንጠባጠብ። ቦርዱ ከተተከለ በኋላ ደወለልኝ። ፓምፑ ተነስቷል። የቀሩትን ሳጥኖችም እያዞሩ ነው።

የቲዲአይና የቲዲኦ ሽቦዎችን አሳጥረን፣ ጫፋቸውን ሸፍነን እዚያው ቦርዱ ላይ ትተናቸዋል። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ወረቀት በፕላስቲክ አድርገን ለጥፈናል፦ ፒን 77 ቲዲአይ፣ ፒን 89 ቲዲኦ፣ ሪሴት ወደ ግራውንድ፣ የለኪው 33 ኦም መጀመሪያ ይነሳ፣ ሲጨረስ ይመለስ፣ የፍላሹ ጥበቃ አይነካ።